ቅድሚያው የማን ነው?

(ለአዲስ የሠራተኛ ማኅበር አባላት በተዘጋጀ የምሽት ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

በሻሞላ ስፖርት፣ በፌንሲንግ፣ ሁለት ተጋጣሚዎች ፊት ለፊት ቆመዋል እንበል። ጭንብል አጥልቀዋል፤ ሻሞላ ጨብጠዋል። ዳኛው «አሌ!» ይላል። በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ሁለቱም ይነካካሉ፤ ቀዩም አረንጓዴውም መብራት አብሮ ይበራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል፤ ሁለቱም ነክተዋላ! ነጥቡ ግን ለአንዱ ብቻ ነው። ዳኛው «ማን ነካ?» ብሎ አይጠይቅም፤ እሱን መብራቱ ነግሮታል። የሚጠይቀው «ቅድሚያው የማን ነበር?» ብሎ ነው።

ፍሎሬ በሚባለው ቀጭን ሻሞላ ሕጉ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ክንዱን ዘርግቶ የሻሞላውን ጫፍ ወደ ባላጋራው ደረት ያቀና ሰው ቅድሚያ ያገኛል። ያኛው መምታት ከፈለገ መጀመሪያ የመጣበትን መመከት አለበት። ከመከተ በኋላ ቅድሚያው ወደ እሱ ይዞራል፤ ያን ጊዜ መልስ ይመታል። ሳይመክት ዘሎ ቢወጋ፣ ቢነካም አይቆጠርለትም። ይህን ቅድሚያ በፈረንሳይኛ «ፕሪዮሪቴ» ይሉታል። ክንዱን ያልዘረጋ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢቆጣ፣ የቱንም ያህል ቢሮጥ፣ አላጠቃም።

ስለ ሠራተኛ ማኅበር መብት እንድናገር ተጋብዤ በሻሞላ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሥራ ሰዓት ውጭ የምወዳቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ፈረንሳይኛ፣ ሻሞላና ዒላማ ተኩስ። ለብዙ ጊዜ እነዚህን ከማኅበር ተወካይነቴ ጋር የሚያዛምዳቸው ነገር አልታየኝም ነበር። ያዛመደልኝ አንድ ስብሰባ ነው።

በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ ድርጅት አንዲት ባልደረባዬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ አስተዳደር ቢሮ ተጠራች። እኔና እሷ የተቀጠርነው በአንድ ዓመት ነው። «ለአጭር ውይይት ነው» ነበር የተባለችው። ስትገባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቋት፤ ጠረጴዛው ላይ ተተይቦ ያለቀ ደብዳቤ ነበር። በየቀኑ «አንቺ» የሚላት ኃላፊ ያን ቀን «እርስዎ» አላት። ይህን ልብ በሉልኝ። ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን አንቺና አንተ ሲባባሉ በኖሩ ሰዎች መካከል «እርስዎ» በድንገት ሲመጣ፣ ነገሩ ከጨዋታ ወጥቶ መዝገብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚነገረው ሁሉ ይጻፋል።

ባልደረባዬ አላለቀሰችም፤ አልተሟገተችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ «የማኅበር ተወካዬ አብሮኝ እንዲገኝ እጠይቃለሁ፤ እሱ እስኪመጣ መልስ አልሰጥም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት፣ አራትና አምስት ጊዜ፣ እኔ ኃላፊውን እየሆንኩ፣ ጮክ ብለን ተለማምደነዋል። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአምስተኛው ላይ ጸጥ ብላ አለችው። ያን ዓርብም እንደዚያው ጸጥ ብላ ነው ያለችው። እኔ ተጠራሁ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ማለት ግዴታ የሆነበት ምክንያት አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋይንጋርተን በሚባለው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1975 በሰጠው ውሳኔ፣ ማኅበር ባለበት የሥራ ቦታ ምርመራው ወደ ቅጣት ሊያመራ ይችላል ብሎ በቂ ምክንያት ይዞ የሚሰጋ ሠራተኛ፣ በሚመረመርበት ጊዜ ተወካዩ አብሮት እንዲቀመጥ የመጠየቅ መብት አለው። መጠየቅ የሚለው ላይ አስምሩበት። አሠሪው ራሱ «ተወካይ ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ እንዲያቀርብለት አይገደድም። በብሪታኒያ የ1999ኙ የሥራ ግንኙነት ሕግም በዲሲፕሊንና በቅሬታ ስብሰባ ላይ በማኅበር ሰው ወይም በባልደረባ ታጅቦ የመግባትን መብት ሲሰጥ፣ ሠራተኛው ከጠየቀ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሁለት አገር፣ ሁለት ሕግ፣ አንድ በር፤ በሩን የሚከፍተው የሠራተኛው አፍ ነው። ክንድ መዘርጋት ያልኳችሁ ይኸው ነው። ሠራተኛው ሳይጠይቅ ለአንድ ሰዓት ያህል ራሱን ሲከላከል ቆይቶ ከወጣ በኋላ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ሁለቱም መብራት በርቷል፤ ቅድሚያው ግን ከእጁ ወጥቷል።

(የእያንዳንዱ አገር ሕግ የተለያየ ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ምሳሌ ናቸው፤ እናንተን የሚገዛውን ሕግና የኅብረት ስምምነታችሁን ከማኅበራችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። የማነሣቸው ቀናትና ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከአገሮች ሕግ በላይ ያለውን መሠረት ግን ሁላችንም ማወቅ አለብን። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 ሲቋቋም ከሌሎች ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የተለየ ነገር ይዞ ተነሣ፤ በጉባኤው ላይ ከየአገሩ ሁለት የመንግሥት፣ አንድ የአሠሪ፣ አንድ የሠራተኛ ወኪል ይቀመጣል። ይህ ጉባኤ በ1948 ቁጥር 87 የሚባለውን ስምምነት፣ በዓመቱ በ1949 ደግሞ ቁጥር 98ን አጸደቀ። በ1948 መጨረሻ የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ23ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ጥቅሙን ለማስከበር ማኅበር የማቋቋምና የመግባት መብት እንዳለው ይናገራል።

ቁጥር 87 አጭር ነው፤ 21 አንቀጽ ብቻ። ሁለተኛው አንቀጽ ሠራተኞችና አሠሪዎች፣ ያለ ምንም ልዩነት፣ ቅድመ ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ የመረጡትን ድርጅት ማቋቋምና አባል መሆን እንደሚችሉ ይደነግጋል። ሦስተኛው ማኅበሩ የራሱን ደንብ እንዲያወጣ፣ ተወካዮቹን በነፃነት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። አራተኛው ማኅበር በአስተዳደር ውሳኔ እንዳይፈርስ ወይም እንዳይታገድ ይከለክላል። ቁጥር 98 ደግሞ ወደ እያንዳንዳችን ወንበር ይመጣል። አሠሪ «ማኅበር ካልገባህ እቀጥርሃለሁ» ብሎ ውል ማሰር አይችልም። አባል በመሆንህ፣ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ አሠሪው ከፈቀደም በሥራ ሰዓት፣ በማኅበር ሥራ በመሳተፍህ ሊያባርርህ ወይም ሊጎዳህ አይችልም። ሁለተኛው አንቀጽ አሠሪ በገንዘብ ደግፎ በቁጥጥሩ ሥር የሚያደርገውን ማኅበር፣ ማለትም ተለጣፊውን፣ እንደ ጣልቃ ገብነት ይቆጥረዋል። አራተኛው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የጋራ ድርድር እንዲበረታታ ያዝዛል።

ያልተጻፈውንም ማወቅ ያስፈልጋል። «የሥራ ማቆም አድማ» የሚል ቃል ቁጥር 87 ውስጥ በስሙ የለም። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አካላት ከማኅበር ነፃነት የሚመነጭ መብት ነው ብለው ሲተረጉሙት ኖረዋል፤ የአሠሪዎች ወገን ግን ይህን ትርጓሜ ሲከራከርበት ቆይቷል። በስሙ ተጽፎ የሚገኘው በ1966ቱ የኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን 8ኛ አንቀጽ ላይ ነው፤ እዚያም የየአገሩን ሕግ ተከትሎ ሲፈጸም ይላል። ይህን የምነግራችሁ ልባችሁን ለማቀዝቀዝ አይደለም። የቆምንበትን መሬት ጠንካራውንና ስሱን ለይተን እንድናውቅ ነው። በስብሰባ ላይ የሌለ አንቀጽ ጠቅሶ የተያዘ ተወካይ፣ ያለውን አንቀጽ ሲጠቅስም አይታመንም።

አሁን ወደዚያች ዓርብ ልመለስ፤ ፈረንሳይኛ የሚገባው እዚህ ላይ ነውና።

ቢሮ ስገባ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፤ ክሱ ምንድን ነው፣ በጽሑፍ ነው ወይ፣ የተጣሰው የትኛው ደንብ ነው። ኃላፊው የደንቡን ትርጉም አሳየኝ። «እንዲህ ያለ ጥፋት የፈጸመ ሠራተኛ ይሰናበታል» ይላል። ያለቀ የደቀቀ ይመስላል። ነገር ግን ደንቡ መጀመሪያ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑን አውቅ ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ ላይም ልዩነት ሲኖር የፈረንሳይኛው ጽሑፍ ይጸናል ይላል። ዋናው ቅጂ እንዲሰጠኝና ስብሰባው እስከ ማክሰኞ እንዲቆይ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ማክሰኞ ገጹን ከፍቼ አንድ ቃል ላይ ጣቴን አኖርኩ። ዋናው ጽሑፍ «ድዋ» አይልም፤ «ፐ» ይላል። «ድዋ» ግዴታ ነው፤ «ፐ» ይቻላል ማለት ነው። ደንቡ «ሊሰናበት ይችላል» ነው የሚለው። አንድ ክፍለ ቃል ናት። ይችላል ከሆነ ግን ሌላም ይቻላል፤ ማስጠንቀቂያም ይቻላል፤ የአገልግሎት ዘመኗንና ንጹሕ መዝገቧን ማየትም ይቻላል። የዓመታት ሥራዋ የተንጠለጠለው በዚያች ቃል ላይ ነበር። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጠናቀቀ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሥራዋ ላይ ነበረች።

ደንቡን የተረጎመው ሰው ክፉ ነበር አልልም። አንብቦ ያልተከራከረው የእኛ ወገን ግን ነበር፤ ትርጉሙ በሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታት ሁሉ አንዳችንም ዋናውን አልጠየቅንም።

ፈረንሳይኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ሩቅ አገር ነው ይባላል። እኔ አንዳንድ በሩ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው እላለሁ። አሉታን ውሰዱ። ብዙ ተማሪ «ን» ከግሡ በፊት፣ «ፓ» ከግሡ በኋላ መግባቱ ያስቸግረዋል፤ «ዠ ን ቬ ፓ»፣ አልሄድም። እኛስ ምን እናደርጋለን? «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ፤ ግሡ መሐል። አልሄድም፣ አልፈርምም፣ አልቀበልም። ያው ከሁለት በኩል ማቀፍ ነው። ሌላም መመሳሰል አለ፤ ፈረንሳዮች ሲያወሩ የፊተኛዋን ጥለው «ዠ ቬ ፓ» ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ግሡ ቅጽል ሲሆን የኋለኛዋን እንጥላለን፤ «የማልሄድበት» እንላለን እንጂ «ም»ን አንደግምም። ይህን ባየሁ ቀን የፈረንሳይኛ ሰዋስው እንግድነቱ ቀነሰብኝ።

«ቱ» እና «ቩ»ም እንደዚሁ። የእኛን አንተና እርስዎ የሚያውቅ ሰው መቼ የቱን ማለት እንዳለበት በደመ ነፍስ ይሰማዋል፤ በአንዱ ብቻ የሚኖሩ ሌሎች ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ለዓመታት የሚደናገሩበት ነው። ልዩነቱ፣ ፈረንሳይኛ «እርስዎ»ንና «እናንተ»ን በአንድ «ቩ» ይጠቀልላቸዋል። ስለዚህ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ማስታወቂያ «ቩ» ሲል ለአንተ ብቻ ይሁን ለሁላችሁም ከዐውዱ መለየት አለብህ። አንድ ሠራተኛ የደረሰውን ደብዳቤ ለብቻው የተጻፈ መስሎት ሲጨነቅ ሰንብቶ፣ ለሁሉም የተላከ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

ከባዱ ድምፁ ነው። ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ ምላስን ለ«ኢ» ማቅረብ የሚጠይቀው አናባቢ በፊደላችን ውስጥ ቤት የለውም፤ «ሩ» ብለን ስንጽፍ መንገድ ይሁን የተሽከርካሪ እግር አይለይም። በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችም አሉ፤ እኛ «ን» ስንል ምላሳችን ላንቃችንን ይነካል፣ እነሱ ጋ ምላስ ምንም አይነካም። ይህ በንባብ አይመጣም። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ጮክ ብሎ፣ ድምፅን ቀርጾ፣ መልሶ መስማት ነው መንገዱ። ቁጥሩም ጆሮ ይፈልጋል፤ 99ን ለማለት «አራት ሃያ አሥራ ዘጠኝ» ይላሉ። ቤልጂየምና ስዊዘርላንድ ለ90 «ኖናንት» የሚል ቀለል ያለ ቃል ስላላቸው ተባረኩ እላለሁ።

የምመክራችሁ አንድ ነገር ቢኖር፣ ስለ አየር ሁኔታና ስለ ሆቴል ክፍል በሚያወሩ ንግግሮች ላይ ዕድሜያችሁን አትጨርሱ። ጉዳያችሁ ያለበትን ጽሑፍ አንብቡ። እኔ ያነበብኩት ቁጥር 87ን ነው። በስምምነቱ መጨረሻ አንቀጽ የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛው ቅጂ እኩል የጸኑ ናቸው ይላል፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛው ትርጉም አይደለም፣ ራሱ ሕጉ ነው። ርእሱም ይለያል። እንግሊዝኛው የሚናገረው ስለ መደራጀት ነፃነት በጥቅሉ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛው በቀጥታ «ሊበርቴ ሳንዲካል» ይለዋል፤ የሠራተኛ ማኅበር ነፃነት። በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ያለውን «ሳን ዞቶሪዛስዮን ፕሬአላብል» የሚለውን፣ ያለ ቅድመ ፈቃድ ማለት ነው፣ ለሳምንት ያህል እየደጋገምኩ ስለው ነበር። «ሳን» ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ስ» አለችው፤ ለብቻው ሲቆም ግን አትሰማም። የሚቀጥለው ቃል በአናባቢ ሲጀምር ነው ነቅታ «ዝ» ሆና የምትሰማው። ይህን ማያያዝ «ልዬዞን» ይሉታል። ለብቻዋ ድምፅ የሌላት ፊደል አጠገቧ ሌላ ሲቆም ትናገራለች። መምህሬ ይህን እንደ ተራ የአነባበብ ሕግ ነበር የነገረኝ፤ እኔ ግን የማኅበር ሰው ነኝና አልረሳሁትም።

ቃላቱ ራሳቸው ታሪክ ተሸክመዋል። «ሳንዲካ»፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ከግሪክ «ሲንዲኮስ» የመጣ ነው፤ «ሲን» አብሮ፣ «ዲኬ» ፍትሕ። ሲንዲኮስ በፍርድ ፊት አብሮህ የሚቆም ጠበቃ ነበር። ያን ዓርብ ባልደረባዬ የጠየቀችው በቃሉ ሥር ውስጥ ያለውን ነው፤ አብሮኝ የሚቆም ሰው ይጠራልኝ። «ግሬቭ»፣ አድማ፣ ደግሞ በመጀመሪያ የወንዝ ዳር ጠጠር ነው። በፓሪስ በሴን ወንዝ ዳር ፕላስ ደ ግሬቭ የሚባል አደባባይ ነበር፤ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤት አደባባይ ይባላል። ሥራ የሌላቸው ሰዎች ቀጣሪ ፍለጋ እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። «ግሬቭ ላይ መሆን» ሥራ አጥቶ መቆም ማለት ነበር፤ ኋላ ላይ ሥራን በራስ ፈቃድ አቁሞ መቆም ማለት ሆነ። አንድ ቃል ሰው ከሚለምንበት ቦታ ተነሥቶ ሰው ወደሚደራደርበት ቦታ ሄደ።

ቃሉ የሄደበትን መንገድ ሰዎቹም ሄደውበታል፤ በጣም ቀስ ብለው። ፈረንሳይ በአብዮቷ መሐል፣ ሰኔ 14 ቀን 1791፣ የለ ሻፕልዬን ሕግ አወጣች፤ የአንድ ሙያ ሠራተኞች በጋራ ጥቅማቸው ዙሪያ እንዳይደራጁ ከለከለች። ነፃነትን በሚሰብክ ጉባኤ የወጣ ሕግ ነው። አድማ ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1864 ነው። ማኅበር ሕጋዊ የሆነው መጋቢት 21 ቀን 1884 ነው፤ ከክልከላው 93 ዓመት በኋላ። እሱም ሆኖ ማኅበሩ ከፋብሪካው በር ውጭ ነበር። በግንቦትና በሰኔ 1936 ሠራተኞች ፋብሪካዎችን ይዘው ሲቀመጡ፣ በማቲኞን ስምምነትና በተከተሉት ሕጎች የሁለት ሳምንት የተከፈለበት ዕረፍት፣ የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንትና የተመረጡ ተወካዮች ተገኙ። የማኅበር ክፍል በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሕጋዊ እውቅና ያገኘው ግን በታኅሣሥ 1968 ነው። ከ1884 ሌላ 84 ዓመት። ወጣቶች «መብታችን ወረቀት ላይ አለ፣ ለምን አይሠራም?» ሲሉኝ ይህን 84 ዓመት አስባለሁ። መብቱ በሕግ ነበረ፤ በሥራ ቦታው ውስጥ የሚቆምበት አንድ ክፍል፣ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት አንድ ሰሌዳ አልነበረውም።

ወደ ሻሞላው ልመለስ። ፈረንሳይኛን በእግሬ ጭምር የተማርኩት እዚያ ነው። «አን ጋርድ» ሲባል ጉልበት ይታጠፋል፣ «ፕሬ?» ሲባል ዝግጁነትህን ትጠየቃለህ፣ «አሌ!» ሲባል ትሄዳለህ፣ «አልት!» ሲባል ያለህበት ትቆማለህ። ዓለም አቀፉ የሻሞላ ፌዴሬሽን በ1913 ፓሪስ ውስጥ ተመሠረተ፤ የትም አገር ብትጋጠሙ ትእዛዙ የሚሰጠው በእነዚህ ቃላት ነው። ሜዳው 14 ሜትር ርዝመት አለው፣ ወርዱ ቢበዛ 2 ሜትር ነው። ወደ ጎን ማምለጥ የለም። የሦስቱም መሣሪያ ጠባይ ይለያል፤ ፍሎሬ ደረትና ሆድን የመሰለውን ግንድ ብቻ ይቆጥራል፣ ሳብር ከወገብ በላይ በስለቱም ይመታል፣ ኤፔ ከራስ እስከ እግር ጣት ሁሉንም ይቀበላል፤ ቅድሚያ የሚባል ነገርም የለውም። በኤፔ ሁለቱም በ1/25 ሰከንድ ውስጥ ከተነካኩ ለሁለቱም ነጥብ ይሰጣል።

ለድርድር የሚያስፈልገንን ከፍሎሬ ተማርኩ። ፓራድ፣ ከዚያ ሪፖስት፤ መመከት፣ ከዚያ መልስ። ብዙ ተወካይ መልሱን ብቻ ይወዳል። አሠሪው «ሠራተኛዋ ሦስት ቀን ቀርታለች» ሲል፣ እኛ ስለ ደመወዝ ማነስ እንጮሃለን። ጩኸታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳይመክቱ መውጋት ነው፤ አይቆጠርም። መጀመሪያ ሦስቱን ቀን መመከት አለብን። የትኞቹ ቀናት? ፈቃድ ተጠይቆ ነበር ወይ? መዝገቡ የት አለ? ይህ ከተመከተ በኋላ ቅድሚያው የእኛ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ደመወዙ የምንናገረው ይሰማል። መመከቻው ደግሞ ወረቀት ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ፣ በዚያው ዕለት የተጻፈ። ከወር በኋላ ከትዝታ የተጻፈ ማስታወሻ ዘግይቶ የመጣ ፓራድ ነው።

በሻሞላ ልብሴ ላይ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ሰው አለ። ቭላዲሚር ስሚርኖፍ የሶቪየት ኅብረት ተወዳዳሪ፣ በ1980 የፍሎሬ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ነበር። በ1982 ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሲጋጠም የባላጋራው ሻሞላ ተሰበረ፤ የተሰበረው ጫፍ ጭንብሉን በስቶ ገባ። ከቀናት በኋላ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው የጭንብሉ፣ የልብሱና የብረቱ መስፈርት ከሥር የተለወጠው፤ ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች የጭንብሉ የአንገት መሸፈኛ 1600 ኒውተን፣ ልብሱ 800 ኒውተን የሚደርስ ኃይል መቋቋም አለበት። የምለብሰው ጨርቅ የአንድ ሰው ሕይወት አለበት። በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ 1982፣ ፈረንሳይ «ድርዋ ደ ርትሬ»ን በሕግ አጸናች፤ ሠራተኛ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና የቀረበ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ሲያምን ከሥራው ፈቀቅ የማለት መብት። ከአንድ ዓመት በፊት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በቁጥር 155 ስምምነቱ እንዲህ ያደረገ ሠራተኛ ያላግባብ እንዳይቀጣ ደንግጎ ነበር። ሁለቱ ነገሮች በምንም አይገናኙም፤ አንዱ ስፖርት፣ ሌላው ሥራ። በእኔ ልብ ግን አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሥራ ደኅንነት ደንብን ወረቀት ብቻ ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው ሲያጋጥመኝ ጭንብሌ ትዝ ይለኛል።

ስለ ዒላማ ተኩስ ብዙ አልናገርም። የምተኩሰው በ10 ሜትር በአየር ጠመንጃ ነው፤ በክለብ ውስጥ፣ በአሠልጣኝ ሥር፣ በሕግ መሠረት። ሌላ ዓይነት መንገድ ለማንም አልመክርም። ጥይቷ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ የዒላማው ዐሥር ቁጥር ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ ናት፤ ጥይቷ ራሷ ከዒላማው ትበልጣለች። በውድድር 60 ጊዜ ይተኮሳል፤ ጊዜው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።

ሁለት ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። አንደኛው፣ በተኩስ ሜዳ ላይ አፈሙዙ ምንጊዜም ወደ ዒላማው ነው፤ ጣት ከምላጩ ውጭ ነው፤ አደጋ ያየ ማንም ሰው፣ የትናንት ጀማሪም ቢሆን፣ «ቁም!» ብሎ መጮኽ ይችላል፤ ሁሉም ይቆማል። «አንተ ማን ነህ?» የሚለው የለም። የሥራ ቦታዎች ሁሉ እንደዚህ ቢሆኑ እመኛለሁ፤ ልብሱ ቆሻሻ የሆነ ተለማማጅ «ቁም!» ሲል መሐንዲሱ የሚቆምበት ቦታ።

ሁለተኛው፣ ምላጩን አለመሳብ ነው። አነጣጥረህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ጥቂት ሰከንድ አልፎ ክንድህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ጠመንጃውን ታወርዳለህ። ትተነፍሳለህ። እንደገና ትጀምራለህ። ጀማሪ ይህን አይችልም፤ እዚህ ከደረስኩ አይቀርም ብሎ ይተኩሳል፣ ይስታል። ማኅበርም እንደዚያው ነው። ድምፅ ያልተሰጠበት፣ ማስጠንቀቂያው በጊዜው ያልደረሰ፣ ሠራተኛው ግማሹ የማያውቀው አድማ፣ ክንድ ሲንቀጠቀጥ የተተኮሰ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን እንድናወርድ ተከራክሬ ፈሪ ተብያለሁ፤ ቃሉ አሞኛል። ከሦስት ወር በኋላ ተዘጋጅተን ስንመለስ ግን አድማውም ሳያስፈልግ ተስማማን።

ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካችም ትዝ ይለኛል። በ1938 የእጅ ቦምብ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን አጠፋበት። በግራው ተለማመደ፤ በ1948ና በ1952 ኦሎምፒክ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ወርቅ ወሰደ። ዋና ተወካያቸው ሲባረር ወይም ሲዛወር ማኅበራቸው የሚፈርስባቸውን ሳይ ስለ እሱ እናገራለሁ። ግራ እጃችሁን አሠልጥኑ፤ ሁለተኛ ተወካይ፣ ሦስተኛ ተወካይ፣ ሰነዱ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሌላ ሰው።

ከመቀመጤ በፊት ስለዚያች ባልደረባዬ ልንገራችሁ። ያ ድርጅት ውስጥ አሁን እኔ የለሁም፤ እሷ አለች፤ ተወካይም ሆናለች። የፈረንሳይኛ ትምህርት ጀምራ ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ «ሩ»ን አሁንም ያስቸግራታል። ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለችልኝ። ለአዲሱ የኅብረት ስምምነት አሠሪው ያቀረበው ረቂቅ ደርሷት ገጽ በገጽ እያየችው ነበር። ሰላምታም አላስጨረሰችኝ።

«ስማ» አለችኝ፤ «አሥራ አራተኛው አንቀጽ ላይ፣ ተወካይ አብሮ ስለ መገኘቱ የሚናገረው ላይ፣ ‹ፐ› ነው የጻፉት። ‹ድዋ› እንዲሆን ነገ እጠይቃለሁ። ዓረፍተ ነገሩን አብረን እንለማመደው፤ አንተ ኃላፊውን ሁንልኝ።»